ስላይዱን ማን ይሠራል? የፓቶሎጂ ድህረ ምረቃ ትምህርትና የተዘነጋው ወገን

አንድ ታካሚ «ካንሰር ነው» ወይም «ካንሰር አይደለም» ከመባሉ በፊት፣ በአብዛኛው አይቶት የማያውቀው አንድ ሐኪም ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ከአካሉ ተወስዶ በብርጭቆ ላይ የተለጠፈውን ስስ ቁራጭ፣ ማለትም ስላይዱን፣ መመርመር አለበት። ቀዶ ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ የካንሰር ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት እንደሚያዝ፣ ጨረር ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወሰነው እርሱ በሚጽፈው የአንድ ገጽ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህ ሐኪም ፓቶሎጂስት ይባላል። ስሙ በታካሚው ወረቀት ግርጌ ይሰፍራል እንጂ ፊቱ አይታወቅም።

በአገራችን ስለ ካንሰር ሲወራ ግን ጭውውቱ ሁሉ ወደ ጨረር መሣሪያና ወደ መድኃኒት ይሄዳል። ምክንያት አለው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የመላው አገሪቱ ብቸኛ አገልግሎት ሆኖ ስለቆየ፣ ወረፋ ሲጠብቁ በሽታው የጠናባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አሁን እንደ ጅማ ባሉ የክልል ከተሞችም አገልግሎቱ መከፈቱ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ማዕከል በተከፈተ ቁጥር ወደዚያ የሚላከው ታካሚ ሁሉ የፓቶሎጂ ውጤት ይዞ መቅረብ አለበት። ውጤት የሌለውን ሰው ማንም የጨረር ሐኪም መሣሪያው ሥር አያስተኛውም።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር ይያዛሉ። የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ከፊት ይሰለፋሉ። ይህን ቁጥር ግምት ያሰኘው ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቋሚነት የሚመዘግበው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የሚሸፍነው ዋና ከተማዋን መሆኑ ነው። እብጠቱ ሳይመረመር የሞተ ገበሬ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። ስለዚህ የፓቶሎጂስት እጥረት ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን የችግሩን መጠን ማወቅንም ያዘገያል።

መፍትሔው ተብሎ በየመድረኩ የሚነገረው ብዙ ፓቶሎጂስት ማሠልጠን ነው። እስማማለሁ። ነገር ግን ሥልጠናው እየሰፋ ያለው በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። ስላይዱን የሚያነበውን ሐኪም ለማብዛት እንጥራለን። ስላይዱን ለሚሠራው የላቦራቶሪ ባለሙያ የድህረ ምረቃ መንገድ ለመጥረግ ግን ያንኑ ያህል አንተጋም። ይህ አካሄድ ጥቂት ዓመታት ከቀጠለ፣ ጥሩ አንባቢዎች የማይነበብ ስላይድ ፊት ተቀምጠው እናገኛቸዋለን።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ በ1858 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ በሰጣቸው ሃያ ተከታታይ ትምህርቶች፣ በሽታ መነሻው ሕዋስ እንደሆነና እያንዳንዱ ሕዋስም ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ አስተማረ። ከዚያ በፊት ሐኪሞች በሽታን የሚያስረዱት በሰውነት ፈሳሾች መዛባት ወይም በአንድ አካል በጥቅሉ መታመም ነበር። ዛሬ በየአገሩ ያለ የፓቶሎጂ ተማሪ የሚማረው የዚያ አስተሳሰብ ቅርንጫፍ ነው። ቪርኾ በ1848 እ.ኤ.አ. በላይኛው ሲሌሲያ የተነሣውን የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲያጠና ተልኮ ሲመለስ፣ የበሽታው ሥር ድህነትና የመንግሥት ቸልተኝነት ነው ብሎ የጻፈ ሰው መሆኑን እግረ መንገዴን ልጥቀስ። በማይክሮስኮፕ የሚያየውን ሕዋስና ሕዋሱ የመጣበትን ማኅበረሰብ ለይቶ አላያቸውም። ለእኛ ተማሪዎች ከሳይንሱ ባልተናነሰ ይህን ትምህርት ቢያወርሳቸው እመኛለሁ።

አንድ ናሙና ስላይድ እስኪሆን ድረስ የሚጓዘውን መንገድ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ ክርክሬ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ቁራጩን ካወጣ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ናሙናውን ባለበት ማቆየት ነው። ከአካል የተለየ ሥጋ ወዲያውኑ መበስበስ ይጀምራል፤ ሕዋሱ በራሱ ኬሚካሎች ራሱን ይፈጫል። ይህን የሚያስቆመው ፎርማሊን የተባለው ፈሳሽ ነው፤ ፌርዲናንድ ብሉም የተባለ ጀርመናዊ በ1893 እ.ኤ.አ. ጥቅሙን ካሳወቀ ወዲህ መላው ዓለም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው አሥር እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ወደ ውስጥ የሚሰርገውም በሰዓት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ተቆርጦ የወጣ ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ ባልዲ ውስጥ ቢያድር ጠዋት የሚገኘው ውጩ በስሎ ውስጡ ሊጥ እንደቀረ ድፎ ዳቦ ነው። ዕጢው ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ነው።

አፉ የጠበበ ብልቃጥ፣ ናሙናውን ለመንካት ያህል ብቻ የተጨመረ ፎርማሊን፣ በፎርማሊን ምትክ የተደረገ የጨው ውሃ፣ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ፣ «እብጠት» ከሚል አንድ ቃል በቀር የታካሚው ታሪክ የሌለበት መጠየቂያ ወረቀት፤ በፓቶሎጂ ክፍል የሠራ ሁሉ እነዚህን ያውቃቸዋል። ጥፋቱ የተፈጸመው ናሙናው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ነው። መዘዙ ግን ከሳምንታት በኋላ «ናሙናው ለምርመራ በቂ አይደለም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ታካሚዋ ከቡሬ ወይም ከነጆ ተመልሳ መጥታ እንደገና ትቆረጣለች፤ ወይም ተስፋ ቆርጣ ትቀራለች።

ቀጥሎ የሚመጣው በእጅና በዓይን የሚሠራው ቆረጣ ነው። ፓቶሎጂስቱ ወይም ሬዚደንቱ (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለው ሐኪም) ናሙናውን ይለካል፣ ይመዝናል፣ ጠርዞቹን በቀለም ያስምራል፣ ይሰነጥቃል፣ ያየውን ይጽፋል፣ ከየትኛው ቦታ ቁራጭ እንደወሰደም ይመዘግባል። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ አውጥቶት እንደሆነ የሚታወቀው ጠርዙ በትክክል ከተመረመረ ብቻ ነው። እዚህ የተሳሳተ ምርጫ ከተደረገ ማይክሮስኮፑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አያድንም፤ ያልተቆረጠ ቦታ አይታይምና።

የተመረጡት ቁራጮች ውኃቸው በአልኮል ደረጃ በደረጃ እንዲወጣ ይደረጋል፤ አልኮሉ ዛይሊን በተባለ ኬሚካል ይተካል፤ ከዚያም 60 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ቀልጦ ያለ ሰም ይገባባቸዋል። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ናሙናው «ብሎክ» በሚባል ትንሽ የሰም ጡብ ውስጥ ይቀራል። ቁራጩ በሰሙ ውስጥ የሚቀመጥበት አቅጣጫ ወሳኝ ነው፤ ለምሳሌ ቆዳ ተጋድሞ ከተቀበረ የካንሰሩን ጥልቀት መለካት አይቻልም። ብሎኩ ማይክሮቶም በሚባል መሣሪያ ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል፤ የአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር መሆኑን ያሰበ ሰው ቅጥነቱን ይረዳዋል። ይህ ስስ ቅጠል ለብ ባለ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ይዘረጋል፣ በብርጭቆ ይቀዳል፣ ይደርቃል፣ በሁለት ቀለሞች ይቀለማል። ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚገኘው ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን ኑክሊየስ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን ደግሞ ሌላውን ክፍል ሮዝ ያደርገዋል።

ምላጩ ከደነዘ መስመር ይጥላል፤ ውኃው ከሞቀ ቅጠሉ ይቀደዳል፤ ዛይሊኑ ከቆየ ሰሙ በደንብ አይለቅም፤ ቀለሙ ካረጀ ኑክሊየሱ ይደበዝዛል። በካንሰርና ካንሰር ባልሆነ ለውጥ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የኑክሊየሱ ቅርጽና ድምቀት ነው። ስለዚህ ቀለም የሚያዘጋጀው ባለሙያ በየማለዳው የሚወስነው ውሳኔ ከሰዓት በኋላ ፓቶሎጂስቱ በሚጽፈው ቃል ውስጥ አለ። ይህን ሥራ «የቴክኒክ ሥራ» ብሎ ማሳነስ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሙያ ነው፤ በጥልቀት ሊጠና የሚገባው ሙያ።

በኢትዮጵያ ወደ ፓቶሎጂ ስፔሻሊቲ የሚገባ ሰው ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ፣ ብሔራዊውን የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና አልፎ ይመደባል። ሥልጠናው በጥቁር አንበሳ ይሰጣል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል። ተማሪው ናሙና መቁረጥን፣ ስላይድ ማንበብን፣ በመርፌ ናሙና መውሰድንና ማንበብን ይለማመዳል፤ ከመምህሩ ጋር ባለ ብዙ መመልከቻ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጦ የራሱን አስተያየት ከመምህሩ ብያኔ ጋር ያስተያያል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት ይሠራል።

ፓቶሎጂ የሚለመደው ብዙ በማየት ነው። መጽሐፍ የሚሰጠው የተለመደውን መልክ ነው፤ ስላይዱ ላይ ግን የተለመደው መልክ ብርቅ ነው። አንድ ሬዚደንት በመቶ የሚቆጠሩ ተራ የማኅፀን ስላይዶችን ካላየ፣ ያልተለመደው ሲመጣ ዓይኑ አይቆምም። ከዚህ የተነሣ የአንድ ሥልጠና ጥራት ዋና መለኪያ የክፍሉ የናሙና ብዛትና ዓይነት፣ እንዲሁም መምህሩ ከተማሪው ጋር በማይክሮስኮፕ ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። መምህሩ ጧት ሁለት መቶ ስላይድ ተቆልሎ ከጠበቀው ማስተማሩ ይቀርና መጨረሱ ይቀድማል። እጥረቱ የእጥረቱን መፍትሔ የሚበላው እዚህ ጋ ነው።

የአስከሬን ምርመራ ጉዳይም አለ። በብዙ አገር የፓቶሎጂ ትምህርት ከአስከሬን ምርመራ የተወለደ ነው። በእኛ ዘንድ ቤተሰብ ሟቹን በቶሎ ለመቅበር ስለሚፈልግና ሃይማኖታዊ ስሜቱም ስላለ፣ ከፖሊስ ጉዳይ ውጭ አስከሬን መክፈት እጅግ ጥቂት ነው። ይህን በግድ መለወጥ አይቻልም፤ አይገባምም። ሆኖም ተማሪው አንድ በሽታ በመላው አካል ውስጥ እንዴት እንደተጓዘ የሚያይበትን አጋጣሚ ስለሚያጣ፣ ክፍተቱን ከቀዶ ሐኪሞችና ከራዲዮሎጂ ሐኪሞች ጋር በሚደረግ የጋራ ውይይት መሙላት ያስፈልጋል።

ዘርፉን የሚመርጡት ጥቂት መሆናቸውም አይደንቅም። ፓቶሎጂስትን አመስግኖ የሚሄድ ታካሚ የለም። ክሊኒክ ከፍቶ ታካሚ ከሚያይ ሐኪም ጋር ሲተያይ የተጨማሪ ገቢ በሩ ጠባብ ነው፤ ያለውም በትላልቅ ከተሞች በሚገኙ የግል ላቦራቶሪዎች ነው። የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ በ2017 ዓ.ም. በይፋ አደባባይ በወጣበት አገር፣ አንድ ወጣት ሐኪም ይህን ስሌት ቢያሰላ ልንወቅሰው አንችልም። ክልል የተመደበ ፓቶሎጂስት ብቻውን ሲሆን ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨመርበታል፦ የሚጠራጠርበትን ስላይድ የሚያሳየው ባልደረባ የለውም። በዚህ ሙያ «ተመልከትልኝ» ማለት የዕለት ተዕለት አሠራር ነው፤ ብቻውን የሚፈርም ሰው ወይ ከልክ በላይ ይጠነቀቃል ወይ ከልክ በላይ ይደፍራል።

በአገራችን ፓቶሎጂ ትልቁን ሸክም የተሸከመው በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና ነው፤ በሕክምና ቤት ቋንቋ ኤፍ ኤን ኤ የሚባለው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም፣ ሰምም ማይክሮቶምም አያስፈልገውም፣ ውጤቱም በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይደርሳል። ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ በበዛበት አገር፣ አንገቷ ላይ ንፍፊት ያበጠባት ልጅ ቲቢ ይሁን ሌላ ነገር በአንድ መርፌ የሚለይበት ዘዴ ውለታው ታላቅ ነው። ሬዚደንቶቻችን በዚህ ረገድ ያላቸው ልምድ በሀብታም አገር ያሉ እኩዮቻቸው የማያገኙት ነው፤ ይህን በኩራት መናገር ይቻላል።

ነገር ግን መርፌ የሚያወጣው የተበታተኑ ሕዋሶችን ነው። ሕዋሶቹ በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ እንዴት ተሰልፈው እንደነበር አይታይም። ካንሰሩ በጡት ቱቦ ውስጥ ተወስኖ ያለ ይሁን አጥር ጥሶ የወጣ መርፌው አይናገርም። የሊምፍ ዕጢ ካንሰርን በዓይነት ለመለየትም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቁራጭ ያስፈልጋል። በዚህ መርፌ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ጡት እስከመቁረጥ የሚደረስበት አሠራር እየቀረ መሄድ አለበት። መርፌውን ለማስቀረት ሳይሆን ቀጣዩን ደረጃ ለመገንባት ነው።

ቀጣዩ ደረጃ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይባላል። የተለያዩ ፕሮቲኖችን ፈልገው የሚይዙ ፀረ አካላትን በስላይዱ ላይ በማፍሰስ ሕዋሱ የማን ዘር እንደሆነና ለየትኛው መድኃኒት እንደሚመለስ ማወቂያ ነው። ጥቅሙን ለማስረዳት የጡት ካንሰር ይበቃል። ዕጢው የኢስትሮጅን ተቀባይ (የሴቴ ሆርሞኑን ኢስትሮጅንን የሚይዝ ፕሮቲን) ካለው ታሞክሲፈን የተባለው በዋጋ ቀላል ክኒን ለዓመታት ሲወሰድ የበሽታውን መመለስ ይቀንሳል፤ ከሌለው ክኒኑ ጥቅም የለውም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ከጀርመኑ የሃለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከሦስት ሁለቱ ያህል ሴቶች ዕጢ ይህ ተቀባይ እንዳለው አሳይቷል። አፍሪካውያን ሴቶች በአብዛኛው ተቀባይ የሌለው ካንሰር ነው ያላቸው ይባል የነበረው ግምት ለእኛ እንደማይሠራ የተረዳነው ብሎክና ስላይድ ስለተጠበቀ ነው።

ይህ ምርመራ ደግሞ ከሁሉ በላይ የስላይድ ሠሪውን እጅ የሚፈትን ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች የጡት ናሙና ከተቆረጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን እንዲገባና ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲቆይ ያዝዛሉ። ከዚህ ያነሰ ወይም የበዛ ከሆነ ተቀባዩ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። አንዲት ሴት አርብ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ስለተደረገላትና ላቦራቶሪው እስከ ሰኞ ስለተዘጋ ብቻ የሚጠቅማትን ክኒን ልታጣ ትችላለች ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሁለተኛው የመሠረታዊ ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ የተለየ ክፍል ማካተቱ ተገቢ ነበር። ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ግን ፀረ አካሉን ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገባውም።

እዚህ ላይ ነው የተዘነጋው ወገን የሚመጣው። የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ማስተርስ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አለ። በብዛት የሚታወቁት ዘርፎች ሄማቶሎጂ፣ ክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ፓራሲቶሎጂና የላቦራቶሪ ጥራት አስተዳደር ናቸው። ኤች አይ ቪ፣ ቲቢና ወባን ለመዋጋት ከውጭ የመጣው ገንዘብ እነዚህን ዘርፎች አጎልብቷል፤ መልካም አድርጓል። የሕብረ ሕዋስ ሥራ ግን ከዚያ ማዕድ ብዙ አልደረሰውም። በፓቶሎጂ ክፍል የምናገኘው ጎበዝ ባለሙያ ሙያውን ያገኘው ብዙ ጊዜ ከአንጋፋ ባልደረባው ጎን ቆሞ እያየ ነው። እጁ የሠለጠነ ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከፎርማሊኑ ይሁን ከዛይሊኑ ወይም ከቀለሙ መለያ ዘዴውን፣ አዲስ ፀረ አካል ሲመጣ እንዴት እንደሚፈተሽና እንደሚጸድቅ፣ የጥራት ቁጥጥር መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ በሥርዓት ያስተማረው የለም። ማስተርስ መማር ሲፈልግ ሄማቶሎጂ ወይም ማይክሮባዮሎጂ ይመርጣል፤ ከዚያ ወደ ሰሙና ወደ ምላጩ አይመለስም። በዚህ መንገድ ክፍሉ ምርጥ ሰዎቹን በትምህርት ምክንያት ያጣል።

ብሪታንያ ይህን ያየችው በተለየ መንገድ ነው። በዚያ «የሕዋስ ፓቶሎጂ» በሚባለው ዘርፍ ሁለት የድህረ ምረቃ ጎዳናዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሐኪሙ ቢያንስ አምስት ዓመት ሠልጥኖ የሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፓቶሎጂስትስን በሁለት ክፍል የተከፈለ ፈተና ያልፋል። የላቦራቶሪ ሳይንቲስቱ ደግሞ በቅድሚያ ሙያዊ ምዝገባውን ያገኛል፤ ከዚያ እየሠራ ማስተርስ ይማራል፤ ከዚያም ናሙና የመቁረጥ ከፍተኛ ዲፕሎማ ይወስዳል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረጡ ሳይንቲስቶች በሮያል ኮሌጁና በባዮሜዲካል ሳይንስ ኢንስቲትዩት የጋራ ሥልጠና የተወሰኑ የናሙና ዓይነቶችን አንብበው ውጤት እስከመጻፍ ደርሰዋል። ይህ የሆነው ከቸርነት አልነበረም። ሮያል ኮሌጁ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቆጠራ በቂ ሠራተኛ አለን ያሉት የሂስቶፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ክፍሎች 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከፓቶሎጂስቶቹ አንድ አራተኛው ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ነበር። ሀብታም አገርም እጥረት አለበት። ልዩነቱ እጥረቱን ለማቃለል የሁለቱንም ወገን እውቀት ከፍ ማድረጉ ነው።

ሳይንቲስቶች ውጤት ይጻፉ የሚለውን ሐሳብ ነገ ወደ እኛ ማምጣት አለብን አልልም። እዚያ የሠራው ከሥሩ የአሥርተ ዓመታት መሰላል ስላለው ነው። ናሙና መቁረጡን ግን፣ ቢያንስ ቀላል የሆኑትን፣ እንደ ሐሞት ከረጢትና ትርፍ አንጀት ያሉትን፣ በድህረ ምረቃ ለሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ ብንሰጠው ፓቶሎጂስቱ በየሳምንቱ ብዙ ሰዓት ያተርፋል፤ ያ ሰዓት ለማስተማር ይሆናል። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን እንደ ሥልጣን መካፈል ያዩታል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ተጠያቂነቱ የሐኪሙ ሆኖ ሥራው የሌላ ሲሆን ክትትል ይጠይቃል። ነገር ግን ሬዚደንቱ በመጀመሪያ ዓመቱ ይህንኑ ሥራ ከአንጋፋ ባለሙያ ጎን ቆሞ እየተማረው አይደለምን?

ከአህጉራችንም ትምህርት አለ። በማላዊ ሊሎንግዌ በሚገኘው ካሙዙ ሴንትራል ሆስፒታል ከአሜሪካው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተከፈተ፤ ቀጥሎም በየሳምንቱ የስላይድ ምስል እየላኩ በሁለቱ አህጉራት ያሉ ሐኪሞች አብረው የሚወያዩበት መድረክ ተጀመረ። በሩዋንዳ ቡታሮ የካንሰር ማዕከል በ2012 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መጀመሪያ ናሙናዎች ለንባብ ወደ ቦስተን ይላኩ ነበር፤ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ወደ አገር ውስጥ ተመለሰ። ከሁለቱም የምወስደው፣ ውጭ ያለው ባለሙያ የረዳው በአገር ውስጥ ብሎክ የሚሠራ እጅ ከተገኘ በኋላ መሆኑን ነው።

ለዲጂታል ፓቶሎጂና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለኝ አቋምም ከዚሁ ይመነጫል። ስላይድን ሙሉ በሙሉ ስካን አድርጎ በኮምፒውተር ማንበብ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዋናውን የምርመራ ውጤት ለመስጠት ከተፈቀደ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል። ክልል ላይ ብቻውን ለተቀመጠው ፓቶሎጂስት «ተመልከትልኝ» የሚለውን ዕድል የሚመልስለት ይህ ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ጓዛቸውን ሳያስሩ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ማስተማር ይችላሉ። ሆኖም የተጨማደደና በደበዘዘ ቀለም የተቀለመ ስላይድ ሲስካን የሚገኘው የተጨማደደና የደበዘዘ ምስል ነው። በንጹሕ ስላይድ የሠለጠነ ፕሮግራምም በእንዲህ ያለ ምስል ላይ በእርግጠኝነት ይሳሳታል። ስካነር ከመግዛት በፊት ስስ ቅጠሉ የሚንሳፈፍበትን ውኃ ሙቀት የሚለካውን ቴርሞሜትር መፈተሽ ይቅደም።

ገንዘቡም መነሣት አለበት። ፎርማሊኑ፣ ዛይሊኑ፣ የማይክሮቶም ምላጩ፣ ቀለሙ፣ ፀረ አካሉ ከሞላ ጎደል ከውጭ የሚገዛ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የእነዚህ ዋጋ በብር ሲሰላ እጅግ ከፍ ብሏል። ፀረ አካል ደግሞ የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ ጉምሩክ ላይ ሲቆይ ያልፍበታል። የምላጭ እጥረት ባለበት ክፍል ሬዚደንቱ የሚማረው የደነዘ ምላጭ የሚጥለውን መስመር ከበሽታ መለየት ነው። ለፎርማሊንና ለዛይሊን ጭስ ማስወጫ ካልተገጠመ ደግሞ ተማሪውም ባለሙያውም በጤናቸው ይከፍላሉ፤ የፎርማሊን ጭስ የሆነው ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከሃያ ዓመት በፊት አረጋግጧል። ካንሰርን የሚመረምሩ ሰዎች በዚህ አየር ውስጥ መዋል የለባቸውም። ማስተንፈሻ መግጠም የሥልጠና ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ቢሆን ደስ ይለኛል።

በውጭ አገር ለመማር ለሚያስቡ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በብሪታንያ የሕዋስ ፓቶሎጂ ማስተርስ ብቻውን በላቦራቶሪ ተቀጥሮ ለመሥራት አያበቃም፤ የሙያ ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ምዝገባውም በመጀመሪያ ዲግሪው ተቀባይነትና በሥራ ቦታ ሥልጠና ላይ የተመሠረተ ነው። የአንድ ዓመት ክፍያ ከፍሎ ከመሄድ በፊት ይህን ማጣራት ከብዙ ሐዘን ያድናል። በአሜሪካ ሐኪም ላልሆኑ ሁለት ዓመት ገደማ የሚወስድ የፓቶሎጂስት ረዳት ማስተርስ አለ፤ ትምህርቱ በዋናነት ናሙና በመቁረጥ ላይ ያተኮረ ነው፤ በእኛ ወገን እምብዛም አይታወቅም።

እዚሁ አገር ውስጥ ፓቶሎጂ ለመግባት የሚያስብ ጠቅላላ ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከማመልከቱ በፊት አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ሄዶ ቢጠይቅ መልካም ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት ከመምህር ጋር ማይክሮስኮፕ ላይ ይቀመጣሉ? ባለፈው ወር ፀረ አካል ስንት ቀን ጠፍቶ ነበር? ብሎኮቹ የት ነው የሚቀመጡት፣ የአሥር ዓመት ብሎክ ቢፈለግ ይገኛል? የመመረቂያ ጥናት የሚሠራው በዚህ ክምችት ላይ ስለሆነ፣ በእርጥብ ምድር ቤት በካርቶን የተቆለለ ብሎክ የጥናቱንም ዕድል ይወስነዋል። ከሁሉም በፊት ግን ስላይዶቹን የሚሠሩትን ሰዎች ያግኝ፤ ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንዳሠለጠናቸው፣ ከእነርሱ መካከል በዚህ ሙያ ማስተርስ ለመማር የተላከ ሰው እንዳለ ይጠይቅ።